ቲቪ ቦክስ ልትገዙ ነው? ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ፈትሹ

ቲቪ ቦክስ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ዩቲዩብንና መሰል አፖችን የሚከፍት ትንሽ ሳጥን ነው። የመጀመሪያው ቦክሴ ካርቶን ላይ የነበረው ጽሑፍ እስካሁን አልጠፋኝም። «8 ጊጋ ራም፣ 128 ጊጋ፣ 8ኬ» ይላል። ሻጩ ቁጥሮቹን በጣቱ እየነካ አነበበልኝ። ለዚያ ሁሉ ቁጥር ዋጋው የሚገርም ርካሽ ነበር። ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ቶሎ ከፈልኩ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ቤቴ ወስጄ ሰካሁት። ዩቲዩብ እስኪከፍት ሻይ ይፈላል። ሁለት ሳምንት ታገስኩ። ከዚያ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ጓደኛዬ መጣ። የቦክሱን ሆድ በቢላ ጫፍ ፈለቀቀና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ ቺፖቹ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ። ቁጥሩን በስልኩ ፈለገው። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ራሙ 1 ጊጋ ነው። ማከማቻው 8። «ሴቲንግ ውስጥ እኮ 128 ይላል» አልኩት። «እሱንም ነው የሚዋሸው» አለኝ። ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተጫነው።

ከዚያ ወዲህ ለእናቴ፣ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረቦች ቦክስ አስገዝቻለሁ። የምከተለው መንገድ እንደሚከተለው ነው። ዋናው ሕጌ አንድ ነው፤ ካርቶን አይታመንም፣ ሱቁ ውስጥ ሰክቼ ያየሁት ብቻ ይታመናል።

መጀመሪያ፦ ያስፈልጋችኋል ወይ?

ቴሌቪዥናችሁ ስማርት ከሆነና ዩቲዩብን ያለችግር ከከፈተ ቦክስ አያስፈልጋችሁም። ብሩን ለተሻለ ኢንተርኔት አውሉት። ቦክስ የሚጠቅመው ቴሌቪዥኑ ስማርት ላልሆነበት ቤት ነው። ስማርት ሆኖ ያረጀና አፖቹ አንድ በአንድ መሥራት ያቆሙበትም ይጠቀማል። የኔ እንደዚያ ነበር። ስክሪኑ ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው ኮምፒውተር ነው የሸመገለው።

ቦክስ ገዛሁ ብላችሁ ዲሹን እንዳትነቅሉ። ኢትዮሳት ላይ ያሉት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በነፃ ነው የሚገቡት። ዳታ አይበሉም። ኢንተርኔት ሲጠፋም አይጠፉም። ቦክስ ግን ያለ ኢንተርኔት ባዶ ሳጥን ነው። ሪሲቨሩ በአንዱ ቀዳዳ፣ ቦክሱ በሌላው ይሰካ። በቃ፣ ሁለቱም ይኑሩ።

ሁለተኛ፦ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፎቶ አንሡ

ሱቅ ስትሄዱ ይህ ፎቶ ብዙ ክርክር ያስቀርላችኋል። ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አለው? ስንት ነው? አንዱ በሪሲቨር ተይዟል? ቴሌቪዥኑ የድሮ ከሆነና ያሉት ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳዎች ብቻ ከሆኑ ስቲክ (እንደ ፍላሽ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ላይ በቀጥታ የሚሰካው ትንሹ ዓይነት) አይሆናችሁም። ኤቪ መውጫ ያለው ቦክስ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ከዚያ የስክሪኑን ዓይነት እወቁ። 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ነጥብ ናቸው። 4ኬ ማለት 3840 በ2160 ነው። ሳሎናችሁ ውስጥ ያለው 32 ኢንች ከሆነ «ይሄ 4ኬ ነው» ተብሎ የሚጨመርባችሁን ዋጋ አትክፈሉ። ደህና የሚባሉት አዳዲስ ቦክሶች ብዙዎቹ 4ኬ ስለሆኑ መኖሩ አይጎዳም። ለቃሉ ብሎ መክፈል ነው ኪሳራው። ርካሽ ቦክስ ላይ 8ኬ የሚል ጽሑፍ ካየሁማ እኔ እዚያው ነው ልቤ የሚሸሸው።

ሦስተኛ፦ ኢንተርኔቱን ማታ ለኩ

ጠዋት የሚለካ ፍጥነት ያታልላል። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ በሚያይበት በማታው 2 ሰዓት ላይ ለኩ። ስልካችሁን ዋይፋይ ላይ አድርጋችሁ ቴሌቪዥኑ ያለበት ቦታ ቁሙ። ብራውዘር ላይ ፋስት ዶት ኮም ብላችሁ ግቡ። የኔትፍሊክስ ነው፤ ነፃ ነው፤ ምንም መጫን አይፈልግም።

ኔትፍሊክስ ራሱ የሚመክረው ለ720 ጥራት 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ለፉል ኤችዲ 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ነው። ቁጥሩ ለአንድ ስክሪን ነው። ልጆቹ በሌላ ክፍል ስልክ ላይ ከሆኑ ደምሩበት። በሞባይል ዳታ የምታዩ ከሆነ ደግሞ አስቡበት። ኔትፍሊክስ በኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋ ይበላል። አንድ ፊልም አይታችሁ ፓኬጁ ሊያልቅ ይችላል።

ፍጥነቱ ራውተሩ አጠገብ ጥሩ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ጋ ሲደርስ ከወደቀ ችግሩ ከግድግዳው ነው። የኛ ቤት ራውተር መግቢያው በር አጠገብ ነው። እስከ ሳሎኑ ቴሌቪዥን ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ። የተለመደው ዋይፋይ ሁለት ዓይነት ነው። 2.4 ጊጋኸርትዝ ግድግዳ ያልፋል፤ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የጎረቤት ሁሉ ራውተር እዚያው ላይ ይጋፋል። 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። ሁለቱንም የሚይዝ ቦክስ ግዙ። 2.4 ብቻ የሚይዙ ርካሽ ቦክሶች ብዙ ናቸው። የኬብል ቀዳዳ ካለው ደግሞ እሰየው። እኔ መጨረሻ ላይ በግድግዳው ሥር አሥር ሜትር የኔትወርክ ኬብል ዘረጋሁ። ባለቤቴ ለሁለት ቀን አኩርፋ ነበር። መቆራረጡ ግን በዚያው አበቃ።

አራተኛ፦ የትኛው ዓይነት?

ገበያ ላይ ያሉትን በሁለት ከፍሎ ማየት ይበቃል። አንዱ ጎግል ፈትሾ ያረጋገጠው ነው። አንድሮይድ ቲቪ ወይም ጎግል ቲቪ የሚባለውን፣ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራውን ሥርዓት ይጠቀማል። ሌላው ማንም ሳይፈትሸው የስልክ አንድሮይድ ተጭኖበት የሚሸጠው ነው። ኤክስ96፣ ቲ95፣ ኤምኤክስኪው፣ ኤች96 የሚሉ ስሞችን ሳታዩ አትቀሩም። እነዚህ ስሞች የአንድ ፋብሪካ አይደሉም። ሁለት «ኤክስ96» ቦክሶች ውስጣቸው ፍጹም የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጓደኛዬ ኤክስ96 ገዝቶ ሁለት ዓመት ሠራለት» የሚለው ምስክርነት ብዙም አይረዳችሁም።

ያልተፈተሸው ለምን ያሳስበኛል? በ2023 (እ.ኤ.አ.) አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ከኢንተርኔት ገዝቶ ያመጣው ቲ95 ቦክስ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ቫይረስ እንደነበረበት አጋለጠ። በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር ዌብ የተባለው የሩሲያ የፀረ ቫይረስ ድርጅት ቮይድ የሚባል ቫይረስ 1.3 ሚሊዮን በሚጠጉ ቦክሶች ላይ፣ በ197 አገሮች ማግኘቱን አሳወቀ። በሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው ተመሳሳይ ነገር ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በቀጣዩ ወር ጎግል ከጀርባው ያሉትን ሰዎች ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ቫይረሱ ቤታችሁ ገብቶ ምን ያደርጋል? ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ቦክሱ ሥራ ሲፈታ ከጀርባ ማስታወቂያ ይጫናል። ወይም ኢንተርኔታችሁን ለማታውቁት ሰው ያከራየዋል። ያ ሰው በእናንተ መስመር የሚሠራውን ሁሉ የሠራችሁት እናንተ ትመስላላችሁ። «ኢንተርኔታችን ያለምክንያት ቀሰስ አለ» የምትሉት ሌሊት አንዳንዴ መነሻው ይህ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ቦክስ ሁሉ ቫይረስ አለበት ማለቴ አይደለም። ግን የትኛው እንዳለበት እኔም ሻጩም በዓይን አይተን አናውቅም።

ሌላው ጉዳይ ጥራት ነው። ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ቪዲዮውን የሚቆልፉበት ዋይድቫይን የሚባል ቁልፍ አለ። ኤል1 እና ኤል3 የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። ያልተፈተሹት ቦክሶች አብዛኛውን ጊዜ ኤል3 ናቸው። በኤል3 ኔትፍሊክስ ከ480 ጥራት አያልፍም። ትልቅ ስክሪን ላይ ፊቱ የተቀባ ይመስላል። ለ4ኬ ከፍላችሁ 480 ማየት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ስም ጥሩ ካላችሁኝ፣ እኔ ለብዙ ሰው የምለው የሻኦሚ ቲቪ ቦክስ ኤስ ሁለተኛ ትውልድ ነው። 2 ጊጋ ራምና 8 ጊጋ ማከማቻ ነው ያለው። «2 ጊጋ ብቻ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነተኛ 2 ጊጋ ከውሸት 8 ይበልጣል። ለዩቲዩብ፣ ለኔትፍሊክስና ለአንድ ሁለት ሌላ አፕ ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ትንሽ ከሆነ የሻኦሚ ስቲኮችም አሉ። የ2020 (እ.ኤ.አ.) ስቲክ ግን 1 ጊጋ ራም ስለሆነ እለፉት። ጎግል ቲቪ ስትሪመር በ2024 (እ.ኤ.አ.) ነው የወጣው። 4 ጊጋ ራም፣ 32 ጊጋ ማከማቻና የኬብል ቀዳዳ አለው። ካገኛችሁትና አቅሙ ካለ ጥሩ ነው። ኤንቪዲያ ሺልድ ለብዙዎቻችን ቤት ከመጠን በላይ ነው። የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ሺልድ ግን በ2025 አፕዴት ማግኘቱን ሳይ ቀናሁ። የኔ የመጀመሪያ ቦክስ በሕይወቱ አንድም አፕዴት አላገኘም።

ቤተሰቡ ሁሉ አይፎን የሚይዝ ከሆነ አፕል ቲቪ 4ኬ ደስ ይላል። ውድ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ

ይህ ለብቻው መነሣት አለበት፤ ምክንያቱም «ምን ላምጣልህ?» የሚለው ስልክ ይደወላል። እንዲህ በሉ። ሮኩ አታምጣ። አካውንቱና አገልግሎቱ ለተወሰኑ አገሮች ነው፤ እዚህ ብዙ ያደክማችኋል። የአማዞን ፋየር ስቲክ ይሠራል፤ ግን ፕሌይ ስቶር የለውም፤ የምትፈልጉትን አፕ ሁሉ አታገኙም። ዋልማርት የሚሸጠው ኦን የሚባለው የጎግል ቲቪ 4ኬ ሳጥን ግን ትንሽ ነው፤ ሻንጣ አይከብድም፤ የተረጋገጠ ነው፤ በጣም ርካሽም ነው። ኦን 4ኬ ፕሮ የሚባለው ደግሞ 3 ጊጋ ራምና 32 ጊጋ ማከማቻ አለው።

ዕቃው ሲመጣ ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ። «100–240 ቮልት» ካለ እኛ አገር 220 ላይ ይሠራል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ ካለ እንዳትሰኩት።

አምስተኛ፦ ሱቁ ውስጥ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መርካቶ እንዳትሄዱ፤ ሻጩም እናንተም አትረጋጉም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ቢያንስ 1 ጊጋ ዳታ ይኑራችሁ። ሆትስፖት ትከፍታላችሁ።

ሻጩ ካርቶኑን መክፈት አይወድም። እኔና አንዱ እንዲህ ነበር ያወራነው፤

«ወንድሜ፣ የታሸገ ነው። ከከፈትኩት ማን ይገዛኛል?»

«እኔ ልገዛው ነው እኮ የመጣሁት። ቤት ወስጄው ባይሠራስ?»

«ይሠራል። ይሄ የሚመለስ ዕቃ አይደለም።»

ደረሰኙ ግርጌ ላይ የታተመችውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለውን መስመር በጣቴ አሳየሁት።

«ለዚህ ነው የፈራሁት» አልኩት።

ሳቀ። ቢላውን አነሣ።

አልከፍትም ካለ አትጣሉ፤ አመስግናችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ። ካርቶን የሚከፍት ሱቅ አይጠፋም።

ሲሰካ መጀመሪያ የምታዩት ገጹን ነው። ጎግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ ከሆነ ከመነሻው በጎግል አካውንት አስገብቶ፣ ፊልሞችና አፖች በረድፍ የተደረደሩበት ገጽ ያወጣል። ታብሌት የሚመስል ገጽ ከመጣ፣ ሪሞቱም እንደ ማውዝ ቀስት የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ ምንም አርማ ይኑር የተረጋገጠው ዓይነት አይደለም። አርማ ማተም ቀላል ነው።

ቀጥሎ በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙትና ዩቲዩብ ክፈቱ። አንድ ፉል ኤችዲ ቪዲዮ አጫውቱ። ቪዲዮው ሴቲንግ ውስጥ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚል አለ፤ ክፈቱት። ጥግ ላይ ትናንሽ ቁጥሮች ይመጣሉ። ሁለቱን ብቻ እዩ። አንደኛው የተዘለሉ ምስሎች ብዛት ነው። ያለማቋረጥ የሚጨምር ከሆነ ቦክሱ አቅም የለውም፤ ኢንተርኔቱ ላይ አታሳቡ። ሁለተኛው ቪዲዮው የተጨመቀበት ዘዴ ነው። «ኤቪ01» የሚል ካያችሁ ቦክሱ አዲሱን ኤቪ1 ዘዴ ይችላል ማለት ነው። ኤቪ1 ያንኑ ጥራት ባነሰ ዳታ ያመጣል። በኛ ኢንተርኔት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ሁለት አፕ ጫኑ። ሲፒዩ-ዚ የቺፑን ስም ያሳያል። ዲአርኤም ኢንፎ ደግሞ ዋይድቫይኑ ኤል1 ይሁን ኤል3 ይነግራችኋል። የራሙን ቁጥር ከሲፒዩ-ዚ ብቻ አትመኑ፤ ጓደኛዬ እንዳለው እሱም ሊታለል ይችላል። የቺፑ ስም ግን ብዙ ይናገራል። አርኬ3229 ካለ በጣም አሮጌ ቺፕ ነው፤ 8 ጊጋ ራም ሊሸከም አይችልም። ካርቶኑ 8 ካለ ሲዋሽ ተያዘ። አምሎጂክ ኤስ905ኤክስ4 ወይም ኤስ905ደብሊው2 ከሆነ ኤቪ1 ይችላሉ፤ ደህና ናቸው።

ቪዲዮውን ሳታጠፉ ሩብ ሰዓት ቆዩ። ቡና ካዘዙላችሁ ጠጡ። ከዚያ ቦክሱን በእጃችሁ ያዙት። መሞቅ ያለ ነው። እጃችሁን መልሳችሁ የምታነሱበት ግለት ከሆነ ግን ቤታችሁ ከቴሌቪዥን ጀርባ ተሸጉጦ ብዙ አይቆይም። ሪሞቱን ከሩቅ ሞክሩ። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ።

መጨረሻ ላይ ሶኬቱን ንቀሉትና መልሳችሁ ሰኩት። ሻጩ ግራ ይጋባል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ስለ ዋስትና ሲወራ በቃል አትለቁ። «ለስንት ቀን?» ብላችሁ ጠይቁና ደረሰኙ ላይ በእስክርቢቶ እንዲጽፍ አድርጉ። ማኅተምም ይምታበት።

«ሁሉም ቻናል አለው» ሲሏችሁ

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። የአርሰናል ነገር አይሆንላቸውም። አንድ ቀን የሁሉንም አገር ስፖርት ቻናል ያሳያል የተባለ ቦክስ ገዙ። የዓመት ክፍያው ተጨምሮበታል። ሁለት ወር በደስታ አዩ። አንድ እሑድ ማታ በሬ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ኳሱ ቆመ እኮ! ገና በ60ኛው ደቂቃ!»

ሄጄ አየሁት። ክቡ ይሽከረከራል። ሌላ ቻናል ብሞክር ያው ነው።

«ጋሼ፣ የዓመት ነው የከፈሉት?»

«አዎ! ቁጥሩም ካርዱ ላይ አለ፣ ደውልለት።»

ደወልኩ። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

እነዚህ ቻናሎች የሚሰረቁ ናቸው። የመብቱ ባለቤት አንዱን ሰርቨር ሲያዘጋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ሻጩም የራሱ ሰርቨር የለውም፤ ከሌላው ገዝቶ ነው የሚሸጠው። የምትፈልጉት ፕሪሚየር ሊግ ከሆነ በሱፐርስፖርት በኩል የሚያሳየው ዲኤስቲቪ አለ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ኳሱ ግን በ60ኛው ደቂቃ አይቆምም። ለኳስ ብላችሁ ቦክስ አትግዙ። ጋሼ አሁን ቡና ቤት ሄደው ያያሉ፤ እንደውም ወጣ ማለቱ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ስድስተኛ፦ ከመብራት ጋር መኖር

ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን ያስነቀልኳችሁ ለዚህ ነው። እንደ ስልክ ሳይሆን ብዙዎቹ ቦክሶች ሰዓት የሚያስታውስ ባትሪ ውስጣቸው የለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸው ዜሮ ይጀምራል። የኔ የመጀመሪያው ቦክስ ሁልጊዜ ወደ ጃንዩወሪ 1 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) ይመለስ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ገጾች ደግሞ ቀን ያለበት የደኅንነት ማረጋገጫ አላቸው። ቀኑ ከተሳሳተ ዩቲዩብ አይከፍትም፤ «ኢንተርኔት የለም» ይላችኋል። ኢንተርኔቱ ግን አለ! በዚህ ምክንያት ለአንድ ሳምንት ያህል ኢንተርኔት አቅራቢውን ስወቅስ ከርሜአለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት በራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ አድርጉ። የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ካላገኛችሁ ናይሮቢን ምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። አሁንም መብራት በመጣ ቁጥር ከተሳሳተ ነገሩ ከቅደም ተከተሉ ነው። ቦክሱ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሣል፤ ሰዓት የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ራውተሩ ተነሥቶ መብራቶቹ እስኪረጋጉ ጠብቃችሁ ቦክሱን አጥፍታችሁ አብሩት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዲቫይደሩን አጥፉት። መብራት ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ ኃይሉ ሊዘል ይችላል። ከተረጋጋ በኋላ አብሩት።

የስቲክ ገዢዎች፣ ስቲኩን በቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ቀዳዳ አታንቀሳቅሱት። የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው። ስቲክ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ዩቲዩብ ሲከፈት በራሱ እየጠፋ የሚነሣ ስቲክ ካላችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው። አብሮት በመጣው ቻርጀር ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። ከካርቶኑ ውስጥ የምትወጣውን አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ደግሞ እንዳትጥሏት። ስቲኩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትንሽ ስታርቀው ዋይፋዩ ይሻሻላል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል።

እናቴ ቤት አንድ ቀን ለትንሽ ዳንኩ። የቦክሱ ቻርጀር ጠፍቶ የሪሲቨሩን ልሰካ ነበር፤ ጫፉ ልክ ነው፣ ይገባል። መጨረሻ ላይ ጽሑፉን አየሁት። የሪሲቨሩ 12 ቮልት፣ የቦክሱ 5 ቮልት ነው። ብሰካው ኖሮ ቦክሱን ደህና ሁን ነበር። በሁለቱም ቻርጀሮች ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «ቦክስ» እና «ዲሽ» ብዬ ጻፍኩ። እናንተም አድርጉት፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያው ማታ

ቤት ስትገቡ መጀመሪያ አፕዴት ይኑር አይኑር እዩ። ካለ ይውረድ፤ ረዘም ሊል ይችላል። ለቦክሱ ለብቻው የጎግል አካውንት ክፈቱ። ባንክና ሥራ የምታስተናግዱበትን ኢሜይል ሳሎን ውስጥ ባለ ዕቃ ላይ አታስገቡ። ያልተረጋገጠ ቦክስ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ራውተራችሁ የእንግዳ ዋይፋይ መክፈት የሚችል ከሆነም ያንን ቦክስ እዚያ ላይ ብቻ አገናኙት። ልጆች ካሉ የፕሌይ ስቶሩን ግዢ በፒን ቆልፉት፤ ዩቲዩብ ኪድስም ጫኑላቸው።

በሪሞት አማርኛ መጻፍ ትዕግሥት ይፈትናል። እናቴ «መንዙማ» ወይም «ዝማሬ» ለመፈለግ ቀስቱን እያንቀሳቀሰች ፊደል ስትለቅም አይቼ ነው ይህን ያገኘሁት። ስልኩና ቦክሱ አንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ ስልኩ ላይ ያለው ዩቲዩብ አናት ላይ ትንሽ የቴሌቪዥን ምልክት ትመጣለች። ተጫኗት፣ ቦክሱን ምረጡ። ከዚያ በስልኩ በአማርኛ እየጻፋችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ቪዲዮው ቴሌቪዥኑ ላይ ይከፈታል። ምልክቷ ካልመጣች በቴሌቪዥኑ ዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ በኮድ ማገናኘት ይቻላል። እናቴ አሁን ሪሞቱን አትነካም።

የድሮውን ቦክስ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ፋብሪካ መነሻው መልሱት። ከዚያ በስልካችሁ የጎግል አካውንት ገብታችሁ ከዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አስወጡት፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። የኔን ያ ጓደኛዬ ለመለዋወጫ ወሰደው። ቤት የቀሩት ሁለት ባትሪዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አዲሱ ሪሞት ውስጥ ገቡ።